ቀዮ ስትሮጥ

«እግርሽን ሰብስቢ» አለ አባቷ። ሀኪማ ግን ቀድማ ሰብስባ ነበር።

ሞተሩ ወደ ቱቦው እየተጠጋ ነው። ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው የጠጠር መንገድ መሃል ላይ፣ የክረምት ውሃ በሥሩ የሚያልፍበት ሰፊ የሲሚንቶ ቱቦ ተቀብሯል። ውሾቹ የሚወጡት ከዚያ ነው። አምስት ናቸው። መኪና ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም፣ ባጃጅም ብዙ አይገዳቸውም። የሞተር ድምፅ ከሆነ ግን ገና ከሩቅ ሲሰሙት ከተኙበት ይነሳሉ። አባቷ ደርዊሽ ከቃሊቲ የመኪና መለዋወጫ እየጫነ ለጋራዦች የሚያደርስ ሞተረኛ ስለሆነ በቀን አራት አምስት ጊዜ በዚያ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሀኪማን ከኋላው አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሳታል።

ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሰጠው። ሞተሩ አጓራ። ውሾቹም መጡ።

አራቱ የሚመጡት እየጮኹ ነው። ጩኸታቸው ብዙ ነው፤ ሩጫቸው ግን እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ ብቻ ነው። አምስተኛዋ ሌላ ናት። የሠፈሩ ልጆች ቀዮ ይሏታል። እንደ ሸክላ አፈር የቀላች፣ ረጃጅም እግር ያላት ሴት ውሻ ናት። ቀዮ አትጮህም። አንገቷን ዝቅ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጋ ከጎማው እኩል ትሮጣለች። ሀኪማ ይህን መንገድ ከዓመት በላይ ስትመላለስበት እዚህ ቦታ ላይ ልቧ ያልዘለለበት ቀን የለም። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለማንም ነግራው አታውቅም። ቀዮን አንድ ቀን በደንብ ልታያት ትፈልግ ነበር። እስከዛሬ ያየቻት በትከሻዋ ላይ በጨረፍታ ነው፤ ቀይ ነገር ብልጭ ይልና ይጠፋል።

ያን የሰኔ ሰኞ ጠዋት የአባቷን ወገብ የያዘችበትን ቀኝ እጇን ለቀቀችና ዞረች።

አየቻት። ቀዮ ከክንዷ ርዝመት ብዙም አትርቅም ነበር። ጀርባዋ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ይታጠፋል። በየመሃሉ አራቱም እግሮቿ ከመሬት ተነስተው ለአንዲት ቅጽበት ምንም ነገር ሳይነኩ አየር ላይ ይቆያሉ። ጠጠሩ ከሥሯ ይበተናል፤ እሷ ግን የምትደክም አትመስልም፣ የምትናደድም አትመስልም። ሀኪማ ይበልጥ ዞረች። ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ሞተሩ ከሥሯ ተንሸራተተ። አባቷ አንድ ነገር ሲጮህ ሰማች፤ የፊተኛው ጎማ የላላው ጠጠር ውስጥ ገባ፤ አባቷ ሊያቃናው ሞከረ፣ ፍሬን ያዘ፣ ከዚያ ሰማዩና መንገዱ ቦታ ተለዋወጡ።

ቀና ስትል መዳፏ ተልጦ፣ የደብተር ቦርሳዋ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ነበር። አባቷ በግራ ጎኑ ተኝቷል፤ ሞተሩ እግሩ ላይ ነው፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። ያን ያህል የሚጮኹት ውሾች ጸጥ ብለዋል። ቀዮ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ ሞተሩን ትመለከታለች። ጎማው አየር ላይ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ድረስ ተመለከተችው። ከዚያ ፊቷን መለሰችና ቀስ ብላ ወደ ቱቦዋ ሄደች። ማንንም አልነካችም።

ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶብስ ደረሰና ሰዎች ዘለው ወረዱ። ሞተሩን አነሱለት፤ አባቷ ዓይኑን ገልጦ አቃሰተ። ከግራ ባቱ ደም ይወርዳል። ቱታ የለበሰ አንድ ሰውዬ ወደ ሀኪማ ዞሮ ውሾቹ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ይህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ሰውዬው ደሙን እያየ ነከሰችው ወይ ሲላት ግን ሀኪማ አባቷን አየች፣ የራሷን ቀኝ እጅ አየች።

«ቀይዋ ናት» አለች። «እግሩን ያዘችው።»

* * *

የአባቷ እግር ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ተሰብሮ ነበር። ለቁስሉ ክፍት ቦታ ትተው ጀሶ አደረጉለት፤ ለሁለት ወር ያህል ሞተር ላይ መውጣት እንደማይችል ነገሩት። ነርሷ ቁስሉን እያጠበች እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀው እሱ ራሱ እንዳላየ፣ ያየችው ልጁ እንደሆነች ተናገረ። ሀኪማም እዚያው አልጋው አጠገብ ቆማ የተናገረችውን ደገመችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለ።

ይህን ስትናገር ምን እንደሚከተል አላወቀችም ነበር። ነርሷ ወጥታ መርፌ ይዛ ተመለሰች። ውሻ ነክሶት ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መውሰድ አለበት፤ አራት ጊዜ፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌሎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ደርዊሽ የሞተር ብሎክ ብቻውን የሚሸከም ሰው ነው፤ መርፌ ሲያይ ግን እንደ ሕፃን ፊቱን ያዞራል። ያን ቀንም አዞረ። የዞረው ወደ ሀኪማ ነበርና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሊያበረታታት ፈገግ አለ።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ኮንዶሚኒየሙ ደርሶ ነበር። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ እግዜር ይማርህ፣ አላህ ያሽርህ ይላል፤ ሁሉም ሀኪማን ይጠይቃል፤ ሀኪማ ትመልሳለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ጓደኛዋ ሚራክል ነገሩን ለክፍሉ ሁሉ በራሷ መንገድ አዳረሰችው። በእሷ አተራረክ ቀዮ ዘላ የሞተሩን መሪ ሁሉ ጨብጣለች። «አቦ አንቺ እኮ ከሞት ነው የተረፍሽው» አለቻት በእረፍት ሰዓት። «እኔ ብሆን እዚያው ነበር ክልትው የምለው። አሁን ያችን ውሻ ምን ሊያደርጓት ነው?»

ምን ሊያደርጓት እንደሆነ ሀኪማ ያወቀችው በዚያው ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ተስፋሚካኤል የታመመውን ሊጠይቁ መጥተው አባቷ አጠገብ ተቀመጡ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ ቃላቸውን የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ክፉም አይደሉም። ዳቦ የሚያመላልሰው ሞተረኛም ባለፈው ወር ለትንሽ ነው የተረፈው አሉ፤ ሕፃናት በዚያ መንገድ ያልፋሉ አሉ፤ ሰው የለመደ ጥርስ አይመለስም አሉ። ሥጋ ተገዝቶ፣ መርዝ ተደርጎበት ቱቦው አፍ ላይ ይቀመጣል። አምስቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ።

ከጠያቂዎቹ መካከል ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ጠጄም ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው የሚያስሩ ሴት ናቸው። የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ እሳቸውም ሞተር ይነዳሉ። ለብዙ ዓመታት በየገበሬው ግቢ እየዞሩ ከብት ሲያክሙ የኖሩት በዚያች ሞተር ነው። እስከዚያ ድረስ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ሰው የነከሰች ውሻ አሥር ቀን ሳይሞላት መገደል እንደሌለባት ተናገሩ። የታመመች ከሆነ በአሥር ቀን ውስጥ ይታይባታል፤ ዛሬ ከሞተች ግን ማንም ምንም አያውቅም። ጋሽ ተስፋሚካኤል አሰቡበትና ተስማሙ። እንግዲያው እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ድረስ ይቆያል ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን ታመመችም አልታመመች ሥጋው ይቀመጣል።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ጠጄ በሩን አንኳኩተው ሀኪማ ቦታውን ታሳየኝ ብለው ለመኑ። እናቷ አመነታች፤ አባቷ ግን ሂጂ አላት። ሄልሜት ሰጧትና ከኋላቸው ተቀመጠች። ከሰኞ ወዲህ ሞተር ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ስለነበር የእትዬ ጠጄን ወገብ በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ሞተሯ ገና ወደ ቱቦው ስትጠጋ ውሾቹ ተነሱ። አራቱ እየጮኹ፣ ቀዮ ዝም ብላ። ሀኪማ እግሯን ልትሰበስብ ስትል እትዬ ጠጄ ፍጥነት በመጨመር ፋንታ ቀነሱ። ይበልጥ ቀነሱ። መንገዱ መሃል ላይ ቆሙ።

«አሁን ሞተሩን አጠፋዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ስለ ገበያ የሚያወሩ ይመስል ነበር። «እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። ዓይናቸውን አትዪ፣ መሬት መሬቱን እዪ። ምንም ቢሆን እንዳትወርጂ።»

ቁልፉን አዞሩት።

ሀኪማ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም። ጩኸቱ የሆነ ሰው በቢላ የቆረጠው ያህል ቆመ። አምስቱም ውሾች በሩጫ ላይ እንዳሉ እግራቸውን ተከሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ተንሸራትቶ በቂጡ ተቀመጠ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ አዛጋ፤ ሌላው ጎኑን አከከ። እነዚህ ናቸው ከዓመት በላይ ሲያሳድዷት የነበሩት። ቀዮ ብቻ ቀረበች። የኋላ ጎማውን አሸተተች። ከዚያ ጫማዋን። ሀኪማ በሸራ ጫማዋ ውስጥ የውሻዋ ትንፋሽ ሙቀት ተሰማት፤ መፍራቷን ረስታ ነበር። ያ ሁሉ ፍጥነት፣ ያ ሁሉ ጉልበት፣ አሁን በአፍንጫ ጫፍ ብቻ እየነካት ነው።

«የሚሸሽ ነገር ሲያዩ እግራቸው አያስችላቸውም» አሉ እትዬ ጠጄ ቀስ ብለው። «ያልሸሸውን ደግሞ ምን እንደሚያደርጉት አያውቁም።»

ወርደው ሞተሯን እየገፉ እስከ ቱቦው ሄዱ፤ ሀኪማ ተከተለቻቸው። ቀዮ ጥቂት እርምጃ እየቀደመች ዞር ዞር እያለች ታያቸዋለች። ሆዷ ሥር ጡቶቿ እንደ ተንዠረገጉ ሀኪማ ያን ጊዜ አስተዋለች። እትዬ ጠጄ ጎንበስ ብለው ወደ ቱቦው ውስጥ ተመለከቱና ሀኪማን በእጃቸው ጠሯት። ከውስጥ፣ ደረቅ ቅጠልና የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ላይ፣ አራት ቡችሎች እርስ በርስ ተደራርበው ተኝተዋል። ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው።

«ሞተር በላያቸው ሲያልፍ ይሄ ቱቦ እንዴት እንደሚጮህ አስቢው» አሉ እትዬ ጠጄ። «አሁን እሷ የምታባርረው እንዲርቅላትም ነው።»

እትዬ ጠጄ ቀና ብለው ጉልበታቸውን አራገፉ። የክንዳቸው ቆዳ ላይ የቆዩ የጥርስ ጠባሳዎች አሉ፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ረጅም።

«የአባትሽን ቁስል አይቼዋለሁ» አሉ። «ጠጠር የላጠው ነው የሚመስለኝ። እኔ ግን አልነበርኩም፤ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ሰው ነክሳለች ካልሽ አልከራከርላትም። መንገዱ የልጆችም ነው።»

ሀኪማ አፏን ከፈተች። ቀዮ ቱቦው አፍ ላይ ተጋድማለች፤ ቡችሎቹ እየተንፏቀቁ ወደ ሆዷ ይመጣሉ። «እትዬ...» አለች፤ ቀሪው ግን አልወጣ አለ። እትዬ ጠጄ ትንሽ ጠበቋት። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ቤት ስትደርስ እናቷ የሆነውን ሰምታ ጫማዋን በር ላይ አስወለቀቻት። በሃይማኖታቸው ሥርዓት የውሻ አፍንጫ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር። እናቷ ከጆጉ ውሃ ታፈሳለች፣ ሀኪማ ታሻለች። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እናቷ ድንገት፣ ቡችሎቹ ስንት ናቸው ብላ ጠየቀቻት። አራት አለቻት። እናቷ ውሃውን ከበፊቱ ቀስ አድርጋ ማፍሰስ ጀመረች።

* * *

ሰኞ ሦስተኛው መርፌ ነበር። አባቷ በክራንች እየተደገፈ አራት ፎቅ ደረጃ ወረደ፣ በባጃጅ ሄደ፣ ተመልሶ አራቱን ፎቅ ወጣ። ሀኪማ የሚኒስትሪ ፈተና ጥያቄዎች ፊቷ ዘርግታ ተቀምጣ የክራንቹን ድምፅ ደረጃው ላይ ስታዳምጥ ቆየች። ሲገባ ፊቱ በላብ ተነክሯል። አንድ ብቻ ቀረኝ አለ፤ እንደ ትልቅ ድል።

ማክሰኞ ልትነግረው አስባ ነበር። እንግዳ መጣ። ወይም እንግዳ መጣ ብላ ለራሷ ነገረችው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሀኪማና ሚራክል ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደ፤ መጀመሪያ በበረዶ፣ ከዚያ በባልዲ እንደሚገለበጥ ውሃ። ያላለቀ ፎቅ ሥር ገብተው ተጠለሉ። ሲያባራ በመንገዱ ዳርና ዳር ያለው ቦይ ሞልቶ ቀይ ውሃ ይጋልባል። ቱቦው ጋ ሲደርሱ ሰው ቆሞ አገኙ።

ውሃው በቱቦው በላይኛው አፍ እየገባ በታችኛው እየተፋ ነበር። ከግማሽ በላይ ሞልቷል፤ የሚያሰማው ድምፅ ከሥር መሬቱን ያንቀጠቅጣል። ሀኪማ የቆሙትን ሰዎች እየገፋች ወደ ፊት ወጣች።

ቀዮ ከላይኛው አፍ እየወጣች ነበር። ውሃው አንገቷ ድረስ ነው፤ በአፏ ቡችላ ይዛለች። ጥፍሯን ሲሚንቶው ላይ እየተከለች፣ እየተንሸራተተች፣ እንደገና እየተከለች ወጣች። መንገዱን ተሻግራ እዚያ ያለ ሌላ ያላለቀ ፎቅ ደረጃ ሥር ቡችላውን አስቀመጠችና እየሮጠች ተመለሰች። ወደ ውሃው ገባች። ሁለተኛውን ይዛ ወጣች።

አንድ ገልባጭ መኪና መጥቶ ቆመ። ባጃጅ ቆመ። ከሌላው አቅጣጫ ዳቦ የሚያመላልሰው ሞተረኛ መጣና እሱም ቆመ፤ ከልማድ እግሮቹን ወደ ላይ ሰብስቦ። ሞተሩ ይንደቀደቃል። ቀዮ ቡችላዋን በአፏ አንጠልጥላ በፊተኛው ጎማ ሥር፣ ጎማውን እየታከከች አለፈች። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ሞተረኛው እሷን አየ፣ ከዚያ ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። ማንም እንዲያጠፋው አልነገረውም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሦስተኛውን ስታወጣ መንገዱ ላይ ከሃያ በላይ ሰው ቆሞ ነበር። ጡሩንባ የነፋ የለም። «ነይ እንሂድ አቦ፣ በሰበስን እኮ» ያለችው ሚራክል ራሷ፣ አሁን የሀኪማን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች።

ቀዮ ለአራተኛ ጊዜ ገባች። ውሃው የቱቦውን ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ሁሉም ሰው ላይኛውን አፍ አፍጦ ያያል። አልወጣችም። ሀኪማ በልቧ መቁጠር ጀመረች፤ ሠላሳ ስትደርስ ቁጥሩ ጠፋባት። አንድ ሰውዬ በቃ፣ አለቀላት ብሎ ፊቱን አዞረ። ያኔ ነው ከበስተታች ሕፃን ልጅ የጮኸው። ቀዮ ውሃው ጠርጎ ወስዷት በታችኛው አፍ ተተፍታ ነበር። ትንከባለላለች፣ ትሰምጣለች፣ ብቅ ትላለች። ብቅ ባለች ቁጥር አፏ ዝግ ነው። አልለቀቀችውም።

ከቦይው ወጥታ ቆመች። የኋላ እግሯ ታጠፈባት፤ እንደገና ቆመች። ቡችላውን ድንጋይ ላይ አስተኝታ ላሰችው፣ በአፍንጫዋ ገለበጠችው፣ ደግማ ላሰችው። ቡችላው አልተንቀሳቀሰም። ሀኪማ ቅርብ ስለነበረች ሞቶ እንደነበር አይታለች። ቀዮም ሳታውቅ አልቀረችም። ግን እዚያ አልተወችውም፤ በአፏ አነሳችው፣ በቆመው ሰው መሃል አለፈች፣ ሦስቱ ወዳሉበት ደረጃ ሥር ይዛው ገባች። ሰዎቹ ለንጉሥ እንደሚደረግ ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፏት።

ሚራክል ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ነገ አይደል ሥጋውን የሚያስቀምጡት?» አለች።

ሀኪማ ደብተሯን ሸሚዟ ውስጥ ከትታ ወደ ቤቷ መሮጥ ጀመረች።

* * *

አባቷ ሳሎን ውስጥ የተሰበረ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጦ ነበር። እንዴት እንዲህ በሰበስሽ፣ ሂጂ ልብስ ቀይሪ አላት። እሷ ግን ውሃ እየተንጠባጠበባት ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ አልነከሰችህም» አለች።

ቀና ብሎ አያት።

«እኔ ነኝ። ልያት ብዬ ዞርኩ። እጄን ለቅቄ ነበር። ስዞር ነው ሞተሩ የሄደብህ። እሷ ከወደቅን በኋላ ቆማ አይታን ሄደች፤ አልነካችንም።»

ደርዊሽ ጀሶውን አየ። ከዚያ መርፌ የተወጋበትን ክንዱን በሌላው እጁ አሸት አሸት አደረገ።

«ሦስት መርፌ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበር። እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ የሁለቱንም ፊት አይታ፣ ተመልሳ ገባች። ሀኪማ አንገቷን ደፍታ ቀሪውን ጠበቀች፤ ስድቡንም፣ ቅጣቱንም። አባቷ ግን ሌላ ነገር ጠየቃት።

«ምን ነበር እንዲህ ዞረሽ የምታዪው?»

«ስትሮጥ» አለች። «አራቱም እግሮቿ ከመሬት ይነሳሉ አባዬ። ምንም ሳትነካ አየር ላይ ትሆናለች። ድምፅ የላትም። ዛሬ ደግሞ...» አለችና ስለ ቱቦው ነገረችው፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ሦስቱ፣ ስለ አራተኛው። አባቷ ሳያቋርጣት ሰማት።

«ሁለት ዓመት በዚያ መንገድ ስሄድ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አይቻት አላውቅም» አለ።

ከዚያ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ጋሽ ተስፋሚካኤል ሥጋውን ለመግዛት ነገ ጠዋት በጊዜ ቄራ እንደሚሄዱ፣ ከዚያ በፊት መደወል እንዳለበት ተናገረ። ቁጥሩን መፈለግ ጀመረ። ሀኪማ የአውራ ጣቱን እንቅስቃሴ ተመለከተች። ቢደውል ነገሩ ያልቃል፤ እሱ በራሱ ድምፅ፣ ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው ይላቸዋል፤ እሷ ልብሷን ትቀይራለች፣ ሻይ ትጠጣለች።

«ተወው አባዬ» አለች። «እኔ ልሂድ።»

አባቷ ስልኩን እንደያዘ አያት። ከዚያ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ጋሽ ተስፋሚካኤል የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሀኪማ ደረጃውን ስትወርድ ጫማዋ ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቅ ነበር። በሩ ፊት ቆመች። ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅና የብዙ ሰው ወሬ ይሰማል፤ ኮሚቴው ተሰብስቧል። ሰው የሌለበትን ሰዓት ልጠብቅ ይሆን ብላ ለአፍታ አሰበች። ከዚያ አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል።

«ሀኪማ ነኝ ጋሼ፤ የደርዊሽ ልጅ። ስለ ቀዮ የነገርኳችሁ ነገር እውነት አይደለም።»

ከውስጥ ወሬው ጸጥ አለ። ወንበር ሲገፋና እርምጃ ወደ በሩ ሲመጣ ሰማች። እጆቿን ወደ ታች አውርዳ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ቆማ ጠበቀች።